በቀኝ እጅ የተነካ ደረጃ

ሺታልኮላ፣ ባሪሳል
ጁን 20 ቀን 1954

ቡቦንሞሆን፣ ጥፋተኛው አንተ ነህ።

ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አላጣሁትም። ሰላምታውን ከታች አስቀምጬልሃለሁ፤ እስክትደርስበት ይቆይህ። ሰው ሲጽፍልኝ በነበረ ጊዜ ግማሹን ወረቀት ሰላምታ ይበላውና የኔ ጉዳይ ጥግ ላይ ተጣብቆ ይቀር ነበር። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። አዎን፣ እኔው የሟቹ ወንድምህ ሚስት ኒስታሪኒ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ። ፊደሉ ቢወላገድ አትሳቅ።

ባለፈው መኸር የዘንባባ ስኳር ላስገዛ ሰው ገበያ ላክሁ። ስኳሩ የመጣው በካልካታ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ነው። ወረቀቱን ሳቃናው የሴት ልጅ ፎቶ አለበት። ውሃ ዳር ቆማለች፤ ፀጉሯ በላስቲክ ቆብ ታፍኗል፤ ጭኗ እንደ ተነጨ ዳክዬ ተራቁቷል። በጭኗ አላወቅኋትም። በጆሮዋ ነው ያወቅኋት፤ ግራ ጆሮዋ እንደ አባቷ ወደ ውጭ ቀና ያለ ነው። ቱኒ ናት። የወንድሜ ልጅ፣ እናቷ በወለደቻት በአራተኛው ቀን ሞታ በዚህ ክንዴ ያሳደግኋት ቱኒ። የዛሬ አራት ዓመት፣ በዚያ ሰው በሰው ላይ በተነሣበት ጊዜ፣ «አስተምራታለሁ፤ ስፌት ታውቃለች፤ ለወግ ለማዕረግ አበቃታለሁ» ብለህ ድንበር አሻግረህ የወሰድካት ቱኒ።

ከፎቶው ሥር አራት መስመር ጽሑፍ ነበር። ለማን ላስነብበው? የትምህርት ቤቱ ካሴም ማስተር ቢያነብልኝ መንደሩ ሁሉ ይሰማል፤ ድምፁ የተሠራው ለአርባ ልጅ ነው። ስለዚህ «ፊደል አስቆጥረኝ» አልኩት። ሳቀ።

«እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ ፊደል ምን ሊያደርግልዎ? ፍርድ ቤት ሊሄዱ ነው?»

«አዎን፣ ፍርድ ቤት ነው» አልኩት።

ስምንት ወር ፈጀብኝ። አራቱ መስመር እንዲህ ይላል፦ «ላቦንያ ሴን። ሁለት መቶ ሜትር የደረት ዋና። አንደኛ ሆና ብትደርስም ሽልማቱ ለሁለተኛዋ ተሰጥቷል።» ላቦንያ የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ጋዜጣ ላይ ይውላል ብዬ ግን አይደለም።

ሁለት ነገር ንገረኝ። ልጅቱን ማን አራቆታት? አንደኛ ከሆነችስ ሽልማቷን ማን በላው? ከወዲያ ማዶ የመጣች ናት ብለው ነጥቀዋት ከሆነ አንተ የት ነበርክ? እንደ ልማድህ ዝም ብለህ ቆመህ ነበር?

ሰላምታው እነሆ፦ እንደምን ከርመሃል። ሚስትህ ሾይሎ እንደምን ናት። የቤታችን አምላክ እናንተን ይጠብቅ፤ እኔን ለመጠበቅ ጊዜ አላገኘምና።

ኒስታሪኒ


ካልካታ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 1954

እንደ እናቴ ለማያቸው ለእትዬ ኒስታሪኒ፣

ከእግርዎ ሥር ተደፍቼ ሰላም እላለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ በዚህ ክረምት እንዴት ያደርግዎታል? እኛ በእርስዎ ምርቃት ደህና ነን። ሾይሎ እጅ ትነሳለች። መልሴ የዘገየው ቢሮ ውስጥ ሥራ ስለ በዛብኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሾይሎን ጠርቼ አሳየኋት። «ፊደሉ ሳይቀር ይቆጣል» አለች።

እትዬ፣ የቱኒን ነገር በክፉ አይዩት። እኛ ሰፈር መካከል አንድ ትልቅ ኩሬ አለ፤ ዳሩ ላይ የዋና ክለብ። የሙቀት ጊዜ ነበርና ከጎረቤት ልጆች ጋር ወረደች። እኔ ከክለቡ አሠልጣኝ ከኒታይ ጋር ዳር ተቀምጠን ወሬ እንጫወታለን። ድንገት ንግግሩን አቋረጠ።

«ያቺን ማን አስተማራት?»

«ማንም። የመንደር ልጅ ናት።»

«ማንም አይባልም ወዳጄ። በዚህ ከተማ እግሩን እንዲህ የሚመታ ወንድ እንኳ የለም። እንቁራሪት ጡት አጥብታት መሆን አለበት።»

ምስጋና ነውና አይቆጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ያለማምዳታል። ልብሱ የውድድሩ ደንብ ነው፤ የዳኛ ልጅ ሆነች የሐኪም ልጅ፣ ሁሉም እሱን ነው የሚለብሱት።

ሽልማቷን ማንም አልበላውም። በደረት ዋና ሕጉ እንዲህ ነው፦ መጨረሻ ላይ ግድግዳው ሲደረስ ሁለቱ እጆች በአንድ ጊዜ፣ እኩል መንካት አለባቸው። ቱኒ የምትነካው በቀኝዋ ብቻ ነው። ግራዋ ውሃ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ቀኝዋን አንሥታ ግንባሯን ትነካለች። ይህን ሦስት ጊዜ አደረገችው፤ ሦስቱንም ጊዜ አንደኛ ወጥታ ሦስቱንም ጊዜ ተሰረዘች። ኒታይ ጠየቃት።

«ግራ እጅሽ ምን ሆኗል?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን አታወጪውም?»

«አክስቴ ያውቃሉ» አለችው።

በእጇ ጀርባ ላይ ያለውን አሮጌ ጠባሳም አይቶ ጠየቀኝ። ዘይት ፈንጥቆባት ነው አልኩት።

እትዬ፣ ልጅቱ ከእርስዎ በቀር የማንንም ቃል አትሰማም። አሁን ደግሞ መጻፍ ችለዋል። በሁለቱም እጅ መንካት ነውር እንዳልሆነ አንድ መስመር ቢጽፉላት ነገሩ ሁሉ ይቃና ነበር።

ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ።

ትንሽ ወንድምዎ ቡቦንሞሆን


ሺታልኮላ
ኖቬምበር 28 ቀን 1954

ቡቦንሞሆን፣

እጅ መንሻህ ደርሶኛል። ጉልበቴን ጠይቀሃል፤ ጉልበቴ አለ፤ የሚንበረከክለት ነው የጠፋው።

«ማንም አላስተማራትም» አልከው ለዚያ ሰውዬ። በረንዳው ላይ ተቀምጠህ ስታይ የኖርከውን ረሳኸው? አምስት ዓመቷ ነበር። ባዶ የነሐስ እንስራ ደፍቼ ከደረቷ ሥር አስገባሁላት፤ እንስራው ያንሳፍፋታል፣ እሷ እግሯን ትመታለች። ኩሬው እንደምታውቀው እምቦጭ የወረሰው ነው። በእምቦጭ መካከል የሚዋኝ ሰው እንደ ከተማ ሰው ክንዱን አያወናጭፍም፤ ይጠላለፋል። ሁለት እጁን ከደረቱ ዘርግቶ እንደ መጋረጃ ይገልጣል። «ግለጪ፣ እለፊ፤ ግለጪ፣ እለፊ» እያልኩ በአንድ ክረምት አስተማርኳት። አሠልጣኝህ ደመወዝ የሚበላበት የኔ ነው።

ግን መግለጥ ሌላ፣ መንካት ሌላ። የኩሬውን የድንጋይ ደረጃ ያስነጠፈው አባትህ ነው። ዋኝቶ የተመለሰ ሁሉ ታችኛውን ደረጃ በቀኙ ነክቶ ግንባሩን ይነካል፤ ውሃው ስላልወሰደው ማመስገኑ ነው። ወንድምህም እንዲያ ያደርግ ነበር። አንተም ታደርግ ነበር፤ ካልካታ አስረስታህ ካልሆነ። በግራ እጅ የሚሠራውን ሥራ ደግሞ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። በዚያ እጅ ደረጃ አይነካም። ያንን ሕግ ያወጣው ሰው መጸዳጃ ቤት በየትኛው እጁ እንደሚታጠብ ጠይቅና ጻፍልኝ።

ጠባሳውን ዘይት ነው ካልክ ዘይት ይሁን። ልጅ ባለበት ቤት እሳት አይጠፋም።

መስመሩን አልጽፍም። ይልቅ ልጅቱን መልስልኝ። ጃሎካቲ ላይ መድኃኒት የሚሸጥ የደህና ሰው ልጅ አለ፤ ሚስቱ ሞታበታለች፤ ልጅ የለውም። ጭኗን ያወጣው ጋዜጣ እዚያ ገበያ ሳይደርስ ቶሎ ላካት።

ደህና ሁን ብዬሃለሁ።

ኒስታሪኒ


ካልካታ
ኤፕሪል 17 ቀን 1955

ለተከበሩት እትዬ ኒስታሪኒ፣

አዲሱ የቤንጋል ዓመት የሰላምና የጥጋብ ይሁንልዎ። ከአምስት ወር በኋላ መጻፌ ያሳፍረኛል። መልካም ዜና ይዤ ልምጣ ብዬ ነው የቆየሁት።

ዜናውም ይኸው፦ ቱኒ በፌብሩዋሪው ውድድር የቤንጋል አንደኛ ሆነች፤ አልተሰረዘችም! ኒታይ ብልሃት አበጀ። ልምምድ ላይ በኩሬው ግድግዳ ላይ ሁለት ቢጫ አበባ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። «ግድግዳውን ተይው። አበቦቹን አምጪልኝ፤ አንዱን ብቻ ካመጣሽ ግን ሁለቱንም እበላቸዋለሁ» ይላታል። የመጀመሪያው ሳምንት ሰውዬው እውነትም አበባ ሲያኝክ ከረመ። በሁለተኛው ሁለቱንም አመጣች። ሳቀች፤ እኛ ቤት ከገባች እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ተመልካቹ መካከል የሚሳደቡ አልጠፉም። «ባንጋሏ እንቁራሪት! ወደ ረግረግሽ!» ይላሉ፤ ከወዲያ ማዶ የመጣነውን የሚጠሩት እንዲህ ነው። ሾይሎ ዞራ፣ «የናንተዋ ዓሣ ታዲያ ለምን ከእንቁራሪት ኋላ ቀረች?» አለቻቸው።

ልመልሳት እንዳልችል የሚያደርግ ሌላም ነገር አለ። በሚቀጥለው ዓመት ፌብሩዋሪ ቦምቤይ ላይ ባሕር ማዶ የሚሄደው ቡድን ይመረጣል። ከተመረጠች የባቡር መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ይቀጥራታል፤ ዋናተኞችን እንዲያ ያደርጋል። ወላጅ ለሌላት ልጅ ይህ የዕድሜ ልክ እንጀራ ነው። ባል ያምጣላት አያምጣላት የማንንም እጅ አታይም።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ብቻ አለ። በሁለቱም እጇ በነካች ቁጥር ቤት ስትመለስ ግራ እጇን በአመድ ትፈትጋለች። ሾይሎ «ቆዳሽን ልትልጪው ነው እንዴ?» ብትላት «ይሸታል» አለቻት። እኔ አሸተትኩት። የሳሙና ሽታ ነው ያለው።

ኒታይ የሚፈራው ይህንን ነው። «ቀላል ውድድር ላይ አበቦቹን ታስባለች። ሲጨንቃት የምታስበውን ግን እኔ አላስቀመጥኩትም» ይላል። እትዬ፣ ሦስት ቃል ብቻ፦ በግራሽም ንኪ፣ ፈቅጃለሁ። ሌላ አልለምንም።

ቡቦንሞሆን


ሺታልኮላ
ኦገስት 30 ቀን 1955

ቡቦንሞሆን፣

ውሃው ዘንድሮ እስከ ወጥ ቤቱ ደጃፍ መጥቶ ነበር። ሁለት ፍየል ወሰደ። ቀለሙም ረጥቦ ተበላሸ። ያልጻፍኩልህ ለዚህ ነው።

አንደኛ መሆኗን ለካሴም ማስተር ነገርኩት። ለትምህርት ቤቱ ልጆች ነገራቸው መሰለኝ፣ በነጋታው ስምንት የሚሆኑ ሕፃናት ኩሬው ዳር መጥተው «የቱኒ ውሃ ይኼ ነው?» አሉኝ። «ነው» አልኳቸው። ወርደው ሊጠጡት ምንም አልቀራቸው። በዱላ አባረርኳቸው።

ፀጉሯን ቆርጣችኋታል? እውነቱን ጻፍልኝ። ሩዝ በደንብ ትበላለች? ዓሣ ትወድ ነበር፤ ባል የሞተባት ሴት ዓሣ አትበላምና እኔ ባልቀምሰውም ለሷ እሠራላት ነበር። ጭንቅላቱን ለሷ ነው የምትሰጡት ወይስ ለራስህ ታስቀራለህ?

ጃሎካቲ ያለው ሰው ሌላ አገባ። ስለዚህ የመመለሷን ነገር ተወው።

የለመንከውን መስመር በተመለከተ፦ ለማን ነው የምጽፈው? ልጅቱ ከዚህ ከወጣች አምስት ዓመቷ ነው። እኔ መሃይም ሆኜ ስኖር እሷ ትምህርት ቤት ነበረች። አንዲት መስመር ጽፋልኝ ታውቃለች? «አክስቴ ሞታለች ወይ?» ብላ ጠይቃ ታውቃለች? ፈቃዴን የፈለገ በራሱ አፍ ይጠይቀኝ። እጅሽ ቀለም ይነካል ወይስ እሱም ይሸታል በላት።

ወረቀቱ አለቀ። ደህና ሁን ለማለት ያህል ቦታ ነው የቀረኝ።

ኒስታሪኒ


ካልካታ
ዲሴምበር 12 ቀን 1955

ለተከበሩት እትዬ ኒስታሪኒ፣

በጤናዎ ላይ ጤና ይጨመርልዎ። ዛሬ ሰላምታ አላበዛም፤ እርስዎም አይወዱትም።

ያሉትን ለቱኒ ነገርኳት። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ጣሪያው ላይ ወጣች። ከእራት በፊት ወረደችና ወረቀቱን ሰጠችኝ። «ይኼ ብቻ ነው?» አልኳት። «ሌላው አልጻፍ አለኝ» አለች። ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። «አክስቴ» የሚል ብቻ ነው የተጻፈበት። እንዳያዝኑባት፤ ያንን ቃል ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ተቀምጣለች።

ፀጉሯን አልቆረጥናትም። የዓሣውን ጭንቅላት የምትበላው እሷ ናት።

ምርጫው ፌብሩዋሪ 5 ቀን ቦምቤይ ላይ ነው። ጃንዋሪ 31 ባቡር እንሳፈራለን። ኒታይ ሰዓቱን ይዞ ለክቷታል፤ እግዜር ያውቃል፣ እስከ ዛሬ በዚህ አገር እንደሷ የዋኘች ሴት አላየሁም ይላል። የሚያሸንፋት የለም። የሚያሰጋን ያ ግድግዳ ብቻ ነው።

ፖስታ አንዳንድ ጊዜ በአሥራ ሁለት ቀን ይደርሳል፤ አንዳንዴ ደግሞ ድንበሩ ላይ ይከፍቱትና ሦስት ሳምንት ይቆያል። ይህ በደረስዎ ቀን ይጻፉ። እለምንዎታለሁ፣ በዚያው ቀን።

ቡቦንሞሆን


ሺታልኮላ
ጃንዋሪ 16 ቀን 1956

ቡቦንሞሆን፣

የፖሽ ወር ወጣ። እነሆ ጻፍኩ።

ደብዳቤህ በዲሴምበር 24 ደርሶኛል፤ የፖሽ ዘጠነኛ ቀን መሆኑ ነው። በፖሽ ሙሽራ አይሸኝም፣ ቤት አይቀየርም፣ ድመት እንኳ ከቤት አይባረርም፤ እናትህ ስትል ሰምተሃል። እንዲህ ያለ ቃል በፖሽ ከቤት ላውጣ? ያንን የመሰለ ቃል በክፉ ወር ቢወጣ ምን ይዞ ይሄዳል? የቀን መጽሐፉን አየሁ፤ አሁን ራሴ ነኝ የማነበው። ደጉ ቀን ከፖሽ በኋላ ነው ይላል። ትናንት እሑድ ሆኖ ፖስታ ቤቱ ተዘግቷል።

ካሴም ማስተር ተቆጣኝ። «እትዬ፣ ፖስታ ቤቱ የናንተን ወር አያውቅም» አለኝ።

«ፖስታ ቤቱ ባያውቅ ቃሉ ያውቃል» አልኩት።

አሥራ ሁለት ቀን ነው ብለሃል። ቆጥሬዋለሁ፤ ጃንዋሪ 28 ይደርሳል። ሦስት ቀን ይተርፋል።

ያ ወረቀት ትራሴ ሥር ነው። «አክ» የሚለውን ደማቅ አድርጋ ጽፋዋለች፤ «ስቴ» የሚለው ግን ፈዟል። እስክሪብቶው ቀለም አጥሮት ነው?

ከዚህ በታች ያለውን ቆርጠህ ለሷ ስጣት፤ አንተ አታንብብላት፣ ራሷ ታንብበው።

ቱኒ፣ በሁለቱም እጅሽ ንኪ። አክስትሽ ፈቅጄልሻለሁ። ግራ እጅሽ ንጹሕ ነው። ያን ቀንም ንጹሕ ነበር።


ካልካታ
ማርች 21 ቀን 1956

ለእትዬ ኒስታሪኒ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ደብዳቤዎ ፌብሩዋሪ 13 ደረሰ። ፖስታው ተከፍቶ ዳግም ተለጥፏል። እኛ ከቦምቤይ የተመለስነው ፌብሩዋሪ 9 ነው።

የሆነውን ልንገርዎ፤ ከሌላ ከሚሰሙት ይሻላል።

ከውድድሩ በፊት ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አጠገቤ ቆማ ነበር። «ከባሪሳል ደብዳቤ አልመጣም?» አለችኝ። «ካልካታ ሳይደርስ አልቀረም፤ ስንመለስ ታገኚዋለሽ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ይህን ሳስበው ምነው ዋሽቼ «መጥቷል፤ ፈቅደዋል» ባልኳት እላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ ኖሬ በዚያች ደቂቃ ጨዋ ሆንኩ።

እስከ መቶ ሃምሳ ሜትር ብቻዋን ነበረች። ከዚያ አንዲት የቦምቤይ ልጅ ደረሰችባት፤ ጎን ለጎን መጡ። ሕዝቡ ተነሣ። ኒታይ «አበባዎቹ! ቱኒ፣ አበባዎቹ!» እያለ እየጮኸ በውሃው ዳር ሮጠ። በአንድ ክንድ ቀደመቻት። በቀኝዋ ነካች። ግራዋ ከውሃው በታች፣ ከደረቷ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ከዚያም ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ እያለከለከች፣ ቀኝ እጇን ወደ ግንባሯ ወሰደች።

አንዷ ዳኛ «ምን እያደረገች ነው?» ብላ ጠየቀች። ኒታይ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። «ይቺ ልጅ የደረሰችው ቦምቤይ አይደለም» አላት።

ተሰረዘች። የባቡር መሥሪያ ቤቱም ቦታውን ለዚያችኛዋ ልጅ ሰጠ።

በባቡሩ ሁለቱንም ቀን መስኮቱን እያየች መጣች። ሾይሎ ልታባብላት ብላ «ለሚቀጥለው ይሆናል» አለቻት። «እኔ ነካሁ እኮ። ሁለቱንም አውጥቻለሁ ብዬ ነበር» አለች። እትዬ፣ እጇ ውሃ ውስጥ መቅረቱን አላወቀችም። ዳኞቹ ሲነግሯት ነው ዝቅ ብላ ያየችው።

ከዚያ ወዲህ ኩሬው ዳር አልሄደችም። ኒታይ ሁለት ጊዜ መጣ፤ አልወጣችለትም። ገላዋን በባልዲ ነው የምትታጠበው። በርድዋን ከሚኖር አንድ ነጋዴ ቤት ጋር የጋብቻ ነገር ጀምረናል። የልጁ እናት «ከእንግዲህ እንደማትዋኝ ቃል ትግባ» አለች። ቱኒም «ባይጠይቁኝም አልዋኝም» አለቻት። ሰርጉ በሜይ ነው።

ወረቀትዎን አልሰጠኋትም። መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ፈቃዱ በስምንት ቀን ዘግይቶ እንደመጣ ብታውቅ ይሻላታል ወይስ ፈጽሞ እንዳልመጣ ብታስብ? እኔ መምረጥ አልቻልኩም። እርስዎ ይንገሩኝ።

አሁን ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ልጻፍ። ለኒታይ ዘይት ነው አልኩት። ዘይት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ማንኪያውን ከእሳት ውስጥ ሲያወጡት አይቻለሁ። በረንዳው ላይ ነበርኩ። ጥፋተኛው አንተ ነህ ብለው በጻፉልኝ ጊዜ በሌላ ነገር ነው የከሰሱኝ፤ እኔ ግን የገባኝ በዚህኛው ነበር።

ቡቦንሞሆን


ሺታልኮላ
ሴፕቴምበር 2 ቀን 1956

ቡቦንሞሆን፣

ሰርጉ እንዳለፈ ሰማሁ። ሰላም ላንተና ለሾይሎ። በዚህ ደብዳቤ ሰላምታውን ያስቀደምኩት በኋላ ቦታ እንዳላጣለት ብዬ ነው።

በረንዳው ላይ ነበርኩ ብለሃል። ነበርክ። የሩዝ ፈንድሻ እየበላህ ነበር። እሷ ስትጮህ እጅህ ሳህኑ ላይ እንደቆመ ቀረ። ከዚያ ተነሥተህ ወደ ውስጥ ገባህ። እኔ ያኔ አንድ ሰው እጄን እንዲይዘኝ እየጠበቅሁ ነበር።

ወንድሜ ከሞተ አሥራ አንደኛው ቀን ነበር። ለነፍሱ የሩዝ ድቡልቡሉን በቅጠል አድርጌ ታችኛው ደረጃ ላይ አስቀምጫለሁ። ቁራ መጥቶ ካልበላው የሞተው ሰው አልተቀበለውም ማለት ነው፤ ታውቀዋለህ። ቁራው አጥሩ ላይ አርፎ ነበር። ሊወርድ ሲል ልጅቱ ከእምቦጩ መካከል ብቅ አለች። ሰባት ዓመቷ ነው። ኩሬውን ያለ እንስራ ለመጀመሪያ ጊዜ አቋርጣ መምጣቷ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ብቻዋን። «አክስቴ! አቋረጥኩት!» ብላ በግራ እጇ ደረጃውን በጥፊ መታችው። ውሃው ተረጨ፤ ቅጠሉ ተገለበጠ፤ ቁራው ሄደ፤ የወንድሜ ሩዝ ኩሬ ውስጥ ሰመጠ።

ማንኪያውን ከምጣዱ ሥር ያወጣሁት እኔ ነኝ። የገዛ አባቷን አስርበሽ ሰደድሽው አልኳት። ለሰባት ዓመት ልጅ።

በነጋታው እጇ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ኩሬ ወረደች። አልከለከልኳትም። ዋኝታ ተመለሰች፤ ደረጃውን በቀኝዋ ነካች፤ ግንባሯን ነካች፤ ቀና ብላ አየችኝ። «ጎበዝ» አልኳት። ያን ቀን ያልኳት ቃል ነው ቦምቤይ ድረስ የሄደው። እሱ ድንበር ላይ አልተከፈተም፣ ፖሽ አልያዘውም፣ በሰዓቱ ደረሰ።

ፖሽ ነው ብዬ ጽፌልሃለሁ። ፖሽ እውነት ነው። ግን ፖሽ ባይሆን ሰበብ የሚሆን ሌላ ወር አላጣም ነበር። ያንን ቃል ብጽፍ ማንኪያውንም መጻፌ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስትለምነኝ ብጽፈው ኖሮ በእግሩ ሄዶም ይደርስ ነበር።

ወረቀቱን ልስጣት አልስጣት ብለህ ጠይቀኸኛል። እኔ ምን መብት አለኝ? ዝም ማለት አንተ ታውቅበታለህ፤ በአንተ ዝምታ እኔም ስጠቀም ኖሬአለሁ። መሳቢያህ ውስጥ ይቆይ። ምናልባት የተከፈተ ቀን ታገኘው ይሆናል። ያኔ ልጆች ይኖሯታል፤ ፊደሉ እንዴት የተወላገደ ነው ብለው ይስቁበታል።

ፊደል የተማርኩት አንተን ለመክሰስ ነበር። ክሱን አላነሣሁልህም፤ ጎኔ ግን ቦታ ሰጥቼሃለሁ፤ አብረን እንቁም።

ካሴም ማስተር ወደ ዳካ ተዛወረ። እምቦጩ ኩሬውን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል፤ የሚገልጠው ሰው የለም። ውሃ ከጎረቤት ጉድጓድ ነው የማስቀዳው። አንተ ብትጽፍልኝም አልመልስልህም። የቀን መጽሐፉን አልከፍትም። ያንንም ደረጃ ከእንግዲህ በቀኜም በግራዬም አልነካም።

ኒስታሪኒ